የዕቃ ቤት ኃላፊዋ

ቬኔታ መጀመሪያ የምታየው የሰው ጫማ ነው። የቢሮዋ በር ሲንኳኳ «ግቡ» ትልና ዓይኗን ወደ ፊት ሳይሆን ወደ እግር ትልካለች። የመጣው ሰው የዎርድ ነጠላ ጫማውን ካደረገ ፈረቃ ሊያስቀይር ወይም ስለ አንዱ ሊያማርር ነው፤ ይህ ቀላል ነው። የውጭ ጫማውን አድርጎ፣ ያውም ወልውሎ ከመጣ ግን ሊለቅ ነው። ኦስትሪያ ወይም ጣሊያን ቦታ አግኝቷል። ያን ጊዜ አፏ «ቁጭ በል» እያለ ሐሳቧ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ለቅዳሜ ማን እንደቀረ መቁጠር ይጀምራል። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖራለች።

የምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ዶልኒ ብሪያግ መንደር፣ ዳኑብ ወንዝ ዳር ነው። ቬኔታ በሃያ አራት ዓመቷ በጸሐፊነት የተቀጠረችው የእጅ ጽሑፏ ስለሚያምር ነበር። ከጸሐፊነት ወደ መዝገብ ያዥነት፣ ከመዝገብ ያዥነት ወደ ክፍል ኃላፊነት አደገች። በዚህ ሁሉ ዘመን የበሩ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ተቀየረ፤ መጀመሪያ «የሠራተኛ ክፍል»፣ ቀጥሎ «የሠራተኛ አስተዳደር»፣ ባለፈው ዓመት ደግሞ «የሰው ሀብት»። አዲሱ ጽሑፍ የተለጠፈ ዕለት የሁለተኛ ፎቅ አስታማሚዋ ዶንካ ባልዲዋን መሬት አስቀምጣ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ሀብት ሆንን እንግዲህ» አለች። «ሌባ እንዳይገባ በሩን ቆልፊ።»

ሌባው ግን በበሩ አልነበረም የሚገባው። በየወሩ አንድ ሁለት ሰው ሻንጣውን ይዞ የወንዙን ድልድይ ወደ ውጭ አገር ይሻገራል። ቬኔታ ጡረታ የወጡትን ተመልሰው እንዲሠሩ በየመንደሩ እየዞረች ትለምናለች፤ የማን ልጅ መቼ እንደምትዳር፣ የማን ባል እንደሚጠጣ፣ ማን ከማን ጋር አንድ ፈረቃ መግባት እንደማይፈልግ ታውቃለች። ማታ እንቅልፍ ሳይወስዳት የምትቆጥረው በግ ሳይሆን አስታማሚ ነው።

ነገሩ የጀመረው በመጋቢት ወር፣ ሰኞ ዕለት ነው። የወረቀት የሥራ ደብተር ሊቀር ሆነ። ከእንግዲህ የማንም ሰው የሥራ ዘመን በኮምፒዩተር ይመዘገባል፤ አሮጌዎቹ አረንጓዴ ደብተሮች ተደምረው፣ ተፈርመው፣ ማኅተም ተመትቶባቸው ለየባለቤቶቻቸው ይመለሳሉ። ቬኔታ እስከ አርብ ሰማንያ አራት ደብተር መዝጋት ነበረባት። ሐሙስ ደግሞ ቪዲን ከተማ ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። ለክፍለ ሀገሩ መጦሪያዎች በሙሉ አንድ የሰው ሀብት ኃላፊ ሊሾም ነው፤ ከተመረጡት ሁለት እጩዎች አንዷ እሷ ናት።

የዶንካን ደብተር ሆን ብላ ከሁሉ አስቀድማ አወጣችው፤ የምሥራች የሚወጣው ከእሱ ነበርና። ከባድ ሥራ ላይ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ዕድሜው ሳይደርስ ጡረታ መውጣት ይችላል። ዶንካ ከባሪ ከተማ፣ የጣሊያን አሮጊቶችን ያለ ወረቀት አሥር ዓመት አስታማ ከተመለሰች ወዲህ አሥር ዓመት ከሁለት ወር ሠርታለች። ከመሄዷ በፊት ስድስት ዓመት ነበራት። አሥራ ስድስት ማለት ነው። ይህን ቤቱ በሙሉ ያውቃል። ዶንካም ታውቃለች፤ ስለዚህ ነው ባለፈው ሳምንት ሐኪም የጻፈላትን ወረቀት አጥፋ ቬኔታ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠችው። የጀርባዋ አጥንት ተንሸራቷል፤ ከአምስት ኪሎ በላይ እንዳታነሳ ይላል።

«ደብተሬ እስኪዘጋ ይቺን ወረቀት አላየሻትም» አለቻት። «ካየሻት ልታባርሪኝ ነው። ሕጉን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

«መሳቢያ ውስጥ ገብታለች» አለች ቬኔታ።

ሰኞ ጠዋት የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ገለጠች። የራሷ የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ የሃያ አራት ዓመቷ። ያን ጊዜ የፊደላቱን ጭራ ረዘም ታደርግ ነበር። በሥራው መደብ ዓምድ ሥር፣ አንድም ሥርዝ ድልዝ ሳይኖር፣ «የዕቃ ቤት ኃላፊ» ይላል።

ቬኔታ ደብተሩን ዘጋችው። እንደገና ከፈተችው። ቃሉ እዚያው ነበር።

ያን ቀን እንዳለ አስታወሰችው። ሥራ በጀመረች በሦስተኛ ሳምንቷ ነው። የሸሚዝ ፋብሪካው ተዘግቶ ሥራ ያጣችው የሠላሳ አንድ ዓመቷ ዶንካ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ መሃል ደብቃ ነበር።

«ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው?»

«አስታማሚ።»

«ሌላ ቃል የለም?»

«የሥራው ስም ነው እኮ፣ እትዬ ዶንካ።»

«ልጄ ክሬመና አንደኛ ክፍል ገብታለች። አስተማሪዋ የወላጅ ሥራ ከመሥሪያ ቤት በወረቀት ይምጣ ብላለች፤ ክፍል ውስጥ ጮክ ብላ ነው የምታነበው። አምና የአንዷን ልጅ እናት አስታማሚ ብላ ስታነብ ልጆቹ ‹የሽንት ደፊ ልጅ› ብለው እስከ ሰኔ ሲጠሯት ከረሙ። እባክሽ የኔ እህት፣ ቁልፍ ያለው ሥራ ጻፊልኝ። ማን ይመረምረዋል?»

ቬኔታ ያን ጊዜ አይሆንም ማለት የሚያሳፍራት ልጅ ነበረች። ለትምህርት ቤቱ በሚሄደው ወረቀት ላይ «የዕቃ ቤት ኃላፊ» ብላ ጻፈች። እዚያ ላይ ብታቆም ኖሮ ማንም ምንም አይሆንም ነበር። ግን ጠንቃቃ ጸሐፊ ነበረች፤ ከአንድ ቢሮ የሚወጡ ሁለት ወረቀቶች መለያየት የለባቸውም ብለው አስተምረዋት ነበር። ስለዚህ አዲሱን የሥራ ደብተር ወደ ራሷ ሳበችና፣ እንዳይለያይ ብላ፣ እዚያም ላይ ያንኑ ጻፈች። ዶንካ እየደጋገመች አመሰገነቻት። በማግሥቱ ከቤቷ አይብ የገባበት ባኒጻ ጋግራ፣ በፎጣ ጠቅልላ አመጣችላት።

ከጊዜ በኋላ ረሳችው። የዕቃ ቤት ሥራ ግን በሕጉ ከባድ ሥራ ተብሎ አይቆጠርም። አሥራ ስድስቱ አሥር ሆነ። ዶንካ አምስት ዓመት ሰው ልታነሳ ነው፤ ካልቻለች ደግሞ መሳቢያው ውስጥ ያለው ወረቀት ይወጣና ቬኔታ ራሷ የስንብት ደብዳቤዋን ትፈርማለች።

ማክሰኞ ጠዋት ምድር ቤት ወረደች። ምንም እንደማታገኝ ታውቅ ነበር። ዶንካ ጣሊያን በሄደችበት ዓመት ዳኑብ ሞልቶ ምድር ቤቱ በውኃ ሲጥለቀለቅ፣ የራሰውን ወረቀት በአካፋ ያወጣችው ራሷ ቬኔታ ናት። የቅጥር ትእዛዞቹም የደመወዝ ዝርዝሮቹም ያን ጊዜ ጭቃ ሆነዋል። እንዲያም ሆኖ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ በእጇ ዳበሰች። ስትወጣ፣ በአገሩ ልማድ ለመጋቢት መግቢያ አንጓዋ ላይ ያሰረችው ክር፣ ቀዩም ነጩም፣ አቧራ መስሎ ነበር።

ከዚያ ወደ ዳይሬክተሩ ሄደች። ዲሎቭ ከኦስትሪያ የተመለሰ ሰው ነው፤ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ክፉ አይደለም። ቸኩሎ አይናገርም፤ ደብተሩን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

ዲሎቭ ወደ በሩ ተመለከተ። በሩ ዝግ ነበር። «ይህን አልሰማሁም፣ ወይዘሮ ቬኔታ» አለ። «ማረም የሚቻለው በሰነድ ነው። ሰነድ አለ?»

«በውኃ ሄዷል።»

«እንግዲያው እንዳለ ይዝጉት። ሴትየዋ ፍርድ ቤት ትሂድ፤ ምስክር ታቀርባለች። ሁለት ዓመት ቢፈጅ ነው።»

«ሁለት ዓመት ሰው ስታነሳ?»

ዲሎቭ መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ሐሙስ ይለፍ ነው የምልዎት። አርብ ጠዋት ቁጭ ብለን እናስብበታለን። እርስዎ ቪዲን ቢገቡ ለዚህ ቤትም ይበጃል፤ ጆሮ የሚሰጠን አንድ ሰው እናገኛለን። አሁን ይህን ነገር ቢያነሱት ግን ማንን ይጠቅማል?»

የሚያስጨንቀው ነገር ሰውየው ልክ መሆኑ ነበር። ሦስት ቀን ምንድን ነው? ሃያ ስድስት ዓመት የቆየ ቃል ሦስት ቀን ቢጨምር ምን ይሆናል? ቬኔታ ይህን ለራሷ እየነገረች ደረጃውን ወጣች። ቢሮዋ አንደኛ ፎቅ ነው፤ እግሯ ግን ሁለተኛ ፎቅ አደረሳት።

የሰባት ቁጥር ክፍል በር ተከፍቶ ነበር። ዶንካ የቀድሞውን የትራክተር ነጂ፣ አባባ ብላጎይን፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ልታዛውር ሁለት እጇን በብብቱ ሥር አስገብታለች።

«ቀስ በይ!» አለ ሽማግሌው። «ድንች መሰልኩሽ?»

«ድንችማ አፍ የለው፣ ዝም ይላል። ያዘኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሆ!»

ሽማግሌው ወንበሩ ላይ አረፈ። ዶንካ ግን ቀጥ አላለችም። ወገቧ እንደታጠፈ፣ አንድ እጇ አልጋው ላይ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ከዚያ አፍንጫዋን አብሳ ቀና አለችና ብርድ ልብሱን አለበሰችው።

ቬኔታ በሩ ላይ ቆማ መቁጠር ጀመረች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ከአልጋ የማይነሱ አሥራ አንድ ሰዎች አሉ። እያንዳንዳቸው በአንድ ፈረቃ አራት ጊዜ ይገለበጣሉ። በፈረቃው አርባ አራት፤ ግማሹ ለዶንካ ይደርሳል። እስከ አርብ ስድሳ ስድስት። ሦስት ቀን ማለት ስድሳ ስድስት «አንድ፣ ሁለት፣ ሆ» ነው። ዶንካ ዞር ብላ አየቻት፤ ልታናግራት አፏን ስትከፍት ቬኔታ የሆነ ነገር እንደረሳ ሰው ፊቷን አዙራ ደረጃውን ወረደች።

ያን ሌሊት ስትገላበጥ አነጋች። ረቡዕ ጠዋት፣ ለኮሚቴው የገዛችው አዲስ ጫማ እግሯን እንዳይልጠው አስቀድማ ልታለማምደው ፈልጋ፣ ወልውላ አደረገችው።

ምሳ ሰዓት ላይ ዶንካ አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ዳቦ በቀይ የቃሪያ ማባያ ትበላ ነበር። ቬኔታን ስታይ ማኘኳን አቆመች። ዓይኗ እግሯ ላይ ነበር።

«ወልውለሽዋል» አለች። «ልትለቂን ነው?»

«አይደለም። ነገ ነው ኮሚቴው። እትዬ ዶንካ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው።»

ቆማ ነገረቻት። ደብተሩን ገልጣ ቃሉን አሳየቻት። ዶንካ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው፤ ከዚያ ሳቀች።

«የዕቃ ቤት ኃላፊ! ስድስት ዓመት ዕቃ ቤት ስጠብቅ ቁልፉ የት ነበር?» ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። «ስንት ቀረኝ?»

«በደብተሩ ከሆነ አምስት ዓመት ገደማ።»

«አምስት።» ዳቦውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። «እኔ ነኝ የለመንኩሽ፤ አስታውሳለሁ።»

«ለትምህርት ቤቱ ነበር የለመንሽኝ። ደብተሩ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«እንዳይለያይ።»

«እንዳይለያይ!» አለች ዶንካ። «ወረቀቱ ከወረቀቱ እንዳይለያይ። ከጀርባዬስ?» ደብተሩን በጣቷ ወደ ቬኔታ ገፋችው። «መቼ ነው ያየሽው?»

«ሰኞ።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው።»

«አዎ።»

«ትናንት በሩ ላይ ቆመሽ ነበር። ወረቀት ልታስፈርሚኝ መስሎኝ።»

ከታች ከወጥ ቤት የሳህን ድምፅ ይሰማ ነበር። ዶንካ እጇን በማድረቂያ ጠርጋ፣ እንደ መርማሪ ዓይኗን አጥብባ ተመለከተቻት።

«ምን ይፈለጋል? ንገሪኝ፤ አታልቅሺብኝ። የሚያመው እኔን ነው።»

«አስታማሚ ሆነሽ መሥራትሽን የሚያሳይ፣ የዚያን ጊዜ ወረቀት። ምድር ቤት የነበረው በሙሉ ጠፍቷል።»

«ፈረቃ ስንለዋወጥ የምንፈርምበት ደብተርስ? ማንን አጠብን፣ ማንን ገለበጥን፣ ማን ሞተ። በየቀኑ ከስሜ ጎን ‹አስታማሚ› እያልኩ ነው የምፈርመው፤ እዚያ ክሬመና አታየኝ።»

«እሱም ምድር ቤት ነበር።»

«ማን አወረደው?» አለች ዶንካ፤ ጣቷን ወደ ማዕዘኑ ቀሰረች።

ማዕዘኑ ላይ የአንሶላው ቁም ሳጥን ቆሟል፤ ከባድ፣ የድሮ፣ ዎልነት ከሚባል ጠንካራ እንጨት የተሠራ። የክፍሉ ወለል ወደ ወንዙ ያዘነበለ ነው፤ ስለዚህ ቁም ሳጥኑ አንድ እግሩ አየር ላይ ነበር። በዚያ እግር ሥር የሆነ ነገር ተነባብሯል። ቬኔታ ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ክፍል ስትወጣ ስትገባ አይታው አታውቅም።

«ሲወዛወዝብን ጊዜ ጣሊያን ከመሄዴ በፊት እኔው ነኝ ያስደገፍኩት» አለች ዶንካ። «በያኔው የፈረቃ ደብተሮች። በምን ላስደግፈው? በአንሶላ?» ልትነሳ ባልዲውን ተደገፈች።

«አንቺ አታነሺም!» አለች ቬኔታ፤ የራሷ ድምፅ አስደነገጣት። «እኔ አነሳለሁ።»

«አንቺ? እሺ። ጫማሽን አውልቂ። እግርሽን ከፈት አድርጊ። ወገብሽን አይደለም፣ ጉልበትሽን እጠፊ። ጉልበትሽን! ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ስትቀጥሪ ይሄን አላየሽም? ያዢ። አንድ፣ ሁለት፣ ሆ!»

ቁም ሳጥኑ አንድ ጣት ያህል ተነሣ። ቬኔታ ጀርባዋ ላይ የሆነ ቦታ እንደ ክር ተወጠረ። ዶንካ በእግሯ ጫፍ ደብተሮቹን ስባ አወጣች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። «ልቀቂ» ስትል ቁም ሳጥኑ ወደ ማዕዘኑ ዘመመና የአንሶላዎቹ ክምር ከላይ ወረደ።

መሬት ላይ ተቀምጠው ገለጧቸው። የላይኛው ሽፋን ላይ የእንጨቱ እግር ክብ ጉድጓድ ሠርቷል፤ ውስጡ ግን ደረቅ ነበር። «ዶንካ ምላደኖቫ፣ አስታማሚ።» በየገጹ። በየቀኑ። የመጀመሪያው ዓመት ደብተር የለም። ቬኔታ ወሮቹን በጣቷ ቆጠረች፣ ተሳሳተች፣ እንደገና ቆጠረች። አራት ዓመት ከአሥራ አንድ ወር። ከአሥር ዓመት ከሁለት ወር ጋር ሲደመር አሥራ አምስት ዓመት ከአንድ ወር።

«በቃ?» አለች ዶንካ።

«በአንድ ወር ያልፋል» አለች ቬኔታ። «አንድ ገጽ አልቀበልም ቢሉ ግን...»

«እስቲ ዝም በይ። አንቺ ሰው ሲድንም የቀብር ቀን ታሰላያለሽ።»

ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋች። በደንቡ መሠረት እርማት የሚደረገው በቀይ ቀለም ነው፤ ስህተቱ እንዲነበብ ሆኖ አንድ መስመር ይሰረዝበታል፣ ትክክለኛው ከላይ ይጻፋል፣ ይፈረማል። ይህን አደረገች። ቀጥሎ ከደብተሩ ጋር የሚያያዘው መግለጫ ነበር፤ የስህተቱን ምክንያት የሚናገር። «ከላይ የተጠቀሰውን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብላ ጀመረች። ከዚያ ብዕሯ ቆመ።

«በስህተት» ብትል ነገሩ ያልቃል። ሦስት ሳምንት የሠራች ጸሐፊ ተሳሳተች፤ ማን ይፈርድባታል? ኮሚቴው እንኳ ቢሰማ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። «አውቄ» ብትል ግን የሐሰት ሰነድ ነው። ጊዜው ስላለፈ አትከሰስ ይሆናል፤ የክፍለ ሀገሩ ሦስት መቶ ሠራተኛ መዝገብ ግን ለእንደዚህ ዓይነት ሰው አይሰጥም። እጇ «በ» የምትለውን ፊደል ለመጻፍ ወረቀቱን ነካ። ቃሉ ያማረ ነበር። ንጹሕ፣ አጭር፣ ማንንም የማይጎዳ ቃል። ልክ እንደ ያኔው።

«እውነት እንዳልሆነ አውቄ ጻፍኩት» ብላ ጻፈች። ከጽሑፏ ሁሉ አስቀያሚው ሆነ።

ዲሎቭ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ቅጂው ጡረታ ቢሮ ይሄዳል» አለ።

«አዎ።»

«ጡረታ ቢሮና ኮሚቴው አንድ ኮሪደር ላይ ናቸው።»

«አውቃለሁ።»

ዲሎቭ ራሱን አወዛወዘ። ራስን ወደ ጎን ማወዛወዝ እዚህ አገር እሺ፣ ኦስትሪያ ግን እንቢ ማለት ነው፤ እዚያ ብዙ ዓመት ከመኖሩ የተነሳ የራሱ አነቃነቅ ተደበላልቆበታል፤ እሺ ይሁን እንቢ ማንም አይለይለትም። በመጨረሻ ማኅተሙን ከመሳቢያ አወጣና መታው።

ሐሙስ፣ ኮሚቴው ፊት፣ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ሰብሳቢዋ ግራጫ ኮት የለበሰች ሴት ናት። «እስቲ የሥራ ዘመንዎን ከመጀመሪያው ይንገሩን» አለቻት። ቬኔታ አንድ ሳምንት ያጠናችው ንግግር ነበራት፤ ስለ ሠራተኛ ፍልሰት፣ ስለ ሥልጠና፣ ስለ ፈረቃ አደላደል። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

«የተቀጠርኩት በእጅ ጽሑፌ ነው» አለች። «በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ሴት ያማረ ስም ጻፊልኝ ብላ ለመነችኝ።»

እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። ቁም ሳጥኑንም ጭምር። ከሦስቱ አንዱ መሃል ላይ መጻፉን አቆመ፤ ሰብሳቢዋ ግን እስከ መጨረሻ ስትጽፍ ነበር፤ ምን እንደምትጽፍ ከዚህ ማዶ አይታይም። «እንደውልልዎታለን» አሏት።

አርብ አልደወሉም። ሰማንያ አራቱ ደብተሮች ተዘጉ። ሰኞም አልደወሉም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር የዳቦ ቤቱ ነው፣ የአንዱ ሕመምተኛ ልጅ ነው፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጠጋኙ ነው። ቬኔታ በቀን ሦስት ጊዜ ማዳመጫውን አንስታ መስመሩ መኖሩን አረጋገጠች።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። «ግቡ» አለች፤ ዓይኗ ወረደ። ጥቁር የውጭ ጫማ፤ ያረጀ፣ ግን እንደ መስታወት ተወልውሏል።

ዶንካ ገብታ ተቀመጠች። «ከቪዲን መምጣቴ ነው። ወረቀቴን ተቀበሉኝ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቀዩን እርማት አይታ ‹ይሄ ምንድን ነው?› አለችኝ። ‹ድሮ ቆንጆ ነበርኩ› አልኳት።»

«መልሱስ?»

«እስከ ሐምሌ። ሊሰጡም ላይሰጡም ይችላሉ አለች። እኔ ግን መልቀቂያ ልጽፍ ነው የመጣሁት።»

«መልሱ ሳይመጣ? እትዬ ዶንካ፣ እንቢ ቢሉስ? እኔ በጻፍኩት ወረቀት ተማምነሽ—»

«ድሮም በጻፍሽው ወረቀት ነው የኖርኩት» አለች ዶንካ። «ጀርባዬ እስከ ሐምሌ አይጠብቅም። ክሬመና ቪየና ያንኑ ሥራ ነው አሉ የምትሠራው፤ ስሙን በጀርመንኛ ስትነግረኝ ትንፋሽ አጠረኝ። እንቢ ካሉ እሷ ጋ እሄዳለሁ። በይ ቅጹን አውጪ።»

ቬኔታ ቅጹን አወጣች። ሳታስበው ትቆጥር ነበር፤ ለቅዳሜ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ማን አለ? አንድ። አንድ ብቻ፤ እሷም ልጇ ታማለች። አባባ ብላጎይን ማን ያነሳዋል? የዶንካን ስም ጻፈች፣ ቀኑን ጻፈች፣ የሥራ መደብ የሚለው ዓምድ ላይ ስትደርስ ስልኩ ጮኸ። የቪዲን ቁጥር ነው።

«ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው?» አለች ዶንካ፤ ወደ ስልኩ ዞር ሳትል።

«አስታማሚ።»

«እስቲ ሲጻፍ ልየው።»

ስልኩ ይጮህ ነበር። ቬኔታ ወረቀቱን ለዶንካ እንዲታያት ዞር አድርጋ፣ እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው፣ ጭራውን ሳታረዝም ጻፈችው። በአምስተኛው ጩኸት ላይ ስልኩ ዝም አለ። ዶንካ ጎንበስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች፤ አንብባም ለፊርማ እጇን ለብዕሩ ዘረጋች።